የዐውደ ርዕይ ወቅት ከቱሉ ዲምቱ ሲታይ

ከመስቀል በኋላ ቴሌግራሜ ይሞቃል። ክረምቱን ሙሉ ድምፃቸው የጠፋ ጋለሪዎችና የባህል ማዕከላት በአንድ ሳምንት ውስጥ ተንጋግተው ፖስተር ይለጥፋሉ። ሰሞኑን ደግሞ ከምከታተላቸው የሥነ ጥበብ ማዕከላት አንዱ የዓመቱን ፕሮግራም ሙሉውን አወጣ። ከጥቅምት እስከ ሰኔ። አራት ዐውደ ርዕይ፣ በየመሀሉ ውይይት፣ የፊልም ምሽት፣ የልጆች ቅዳሜ፣ ማጠቃለያው ላይ ሙዚቃ። የማዕከሉን ስም አልጠራም። የማነሣው ጉዳይ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ነው ማለት ይቻላል፣ አንዱን ነጥሎ መውቀስም ደስ አይለኝም። ፕሮግራሙ ደግሞ በእውነት ጥሩ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ላይ ስነጫነጭ እንዳትታዘቡኝ።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከቃሊቲ ወጣ ብሎ፣ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ። ዘመዶቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ «ደረስን ወይስ አዳማ ልንገባ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ስለዚህ የዐውደ ርዕይ ፕሮግራም ሲወጣ መጀመሪያ የማየው ሠዓሊውን አይደለም፤ ሰዓቱን ነው።

ሰዓቱ ደግሞ የተለመደው ነው። አራቱም መክፈቻዎች ዓርብ ከቀኑ 11፡30። ውይይቶቹ ረቡዕ ምሽት 12 ሰዓት። ፊልሙ ሐሙስ 12፡30።

እስቲ አብረን እናስላው። ዓርብ ከሥራ ትንሽ ቀደም ብዬ ብወጣ ለመክፈቻው እደርሳለሁ። እሺ። ንግግሩ ይጀመራል። ስፖንሰሩ ይመሰገናል፣ ኤምባሲው ይመሰገናል፣ ሠዓሊው ማይክ ሲሰጠው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ያፍራል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ ሥዕሉን ልይ ስል ፊቱ ላይ ሰው ቆሟል። ጀርባ ነው የማየው። ጥሩ ጥሩ ጃኬት የለበሱ ጀርባዎች። ወይን የያዘ ሰው አጠገብ ቆሞ ሥዕል ማየት ደግሞ የራሱ ጭንቀት አለው፤ አንድ ሰው ዞር ሲል ልብሴ ላይ ይሁን ሸራው ላይ ይፍሰስ አይታወቅም። አንዳንድ ሰው ሰላም እላለሁ፣ አንዳንዱ ሰላም ይለኛል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ 1፡30 ይሆናል። ሳሪስ ስደርስ ሰልፉ ታጥፎ ተመልሷል። ቃሊቲ ስደርስ ረዳቱ ታሪፍ የሚባለውን ነገር ረስቶ የራሱን ዋጋ ይጠራል፣ እኛም ሳንከራከር እንገባለን፣ ምክንያቱም ከኋላ ሌላ መኪና አይታይም። ራይድ ልጥራ ብል ሹፌሩ ደውሎ «መዳረሻዎ የት ነው?» ይላል። ቱሉ ዲምቱ ስለው ዝም። ከዚያ «እዚያ ሄጄ ባዶዬን ነው የምመለሰው» ብሎ ይሰርዘዋል። እውነቱን ነው፣ እኔም እሱን ብሆን እሰርዘዋለሁ።

መክፈቻ ምሽት ላይ የሚሆንበት ምክንያት ይገባኛል። ሥዕል የሚገዛው ሰው ቀን ቢሮ ነው። የኤምባሲ ሰው፣ የድርጅት ኃላፊ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ፣ ሁሉም ከሥራ በኋላ ነው የሚገኘው። የግል ጋለሪ ከሆነ የሚኖረው ከሽያጭ በሚያገኘው ድርሻ ነው፤ ገዢ ደግሞ በብዛት ብቅ የሚለው በመክፈቻው ዕለት ነው። ያን ምሽት ከሥዕሉ ሥር «ተሸጧል» የሚለው ቀይ ነጥብ ካልተለጠፈ የሠዓሊው ፊት ላይ ይታወቃል። ስለዚህ መክፈቻውን ተዉት አልልም። መክፈቻው የገዢ ነው፤ ይሁንለት። የኔ ጥያቄ ሌላው ላይ ነው። ውይይቱ ለምን ረቡዕ ማታ ይሆናል? ፊልሙ ለምን ሐሙስ ማታ ይሆናል? እነሱ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። ከልጆቹ ቅዳሜ በቀር ለሕዝብ ነው የተባለው ሁሉ ሕዝቡ ታክሲ ሰልፍ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ ልግባ።

የመጀመሪያው የፎቶግራፍ ነው፣ ጥቅምት ውስጥ። የወጣት ፎቶ አንሺዎች የቡድን ሥራ። ርዕሰ ጉዳዩ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከከተማው ዳር ያሉ አዳዲስ ሰፈሮች። እኛ ማለት ነው! ፖስተሩ ላይ ያለውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ነው። ቢጫ ጀሪካኖች ከታች እስከ ላይ ጥግ ይዘው ተደርድረዋል፣ አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል ታስሯል። ብረቱ ላይ የሕፃን ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ ስልክ ቁጥር አለ፣ ከሥሩ «ደላላ» ይላል፣ ሌላ እጅ ደግሞ መጥቶ «ሌባ» ብሎ ጨምሮበታል። የእኛ ብሎክ ይሁን የሌላ አላውቅም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ውኃ በፈረቃ የምትጠብቁ ሰዎች ያን ፎቶ ስታዩ የትኛው ሰዓት ላይ እንደተነሣ ትነግሩኛላችሁ። ገና ነው ውኃው ያልመጣው፤ ጀሪካኖቹ ቀለል ብለው ነው የቆሙት።

ጥሩ ፎቶ ነው። የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺዎች ላለፉት አሥራ ምናምን ዓመታት በጣም አድገዋል። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ስትጀምር ፎቶ ማለት ለብዙው ሰው ሰርግና መታወቂያ ነበር። ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ የቆመ ሰውም «ምን ልታደርገው ነው?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው፣ አሁንም ይጠየቃል። ዛሬ ግን አንድ ወጣት የራሱን ሰፈር ሁለት ዓመት ሙሉ እየተመላለሰ አንሥቶ፣ መርጦ፣ አሳትሞ ሊሰቅለው ይችላል፣ የሚያየውም አለ።

ግን አስቡት። ስለ እኛ ደረጃ የተነሣ ፎቶ እኛ ልናየው ብንፈልግ በሦስት ታክሲ ነው የምንሄደው። ከፎቶዎቹ ባንዱ ውስጥ ጀሪካን ይዛ የቆመች ሴት ብትኖር፣ ፎቶዋ ግድግዳ ላይ በጥሩ መብራት መሰቀሉን ላታውቅ ትችላለች። ፎቶ አንሺውን አልከስም። ቦታ ያገኘው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ኅዳር መጨረሻ ይጀምርና ገናን አልፎ ይሄዳል። የተጣሉ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ለሥራቸው የሚጠቀሙ ወጣቶች ናቸው። ይህ መንገድ እኛ አገር ሲነሣ ሠዓሊውን ኤልያስ ስሜን ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። ኤልያስ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥቶ በአዝራርና በክር እየሰፋ ሲሠራ ኖሮ፣ ከዚያ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ የስልክ ሆድ ዕቃና የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ገባ። ዕቃውን የሚያገኘው መርካቶ ነው፣ ምናለሽ ተራ። ሌላው ሰው ብረት በኪሎ የሚገዛበት ቦታ እሱ ቀለም ይገዛበታል ማለት ይቻላል። ገመዱን ይጎነጉነዋል፣ እንጨት ላይ በትናንሽ ሚስማር ያያይዘዋል፣ ከሩቅ ሲታይ ለስላሳ ነው፣ ቀረብ ሲሉ እያንዳንዷ ገመድ አንድ ሰው እጅ ላይ ያለፈች መሆኗ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም የሚሰጠውን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሽልማትን አግኝቷል።

የእህቴን ልጅ አምና ወደ አንድ እንዲህ ያለ ዐውደ ርዕይ ወሰድኩት። ሰባት ዓመቱ ነው። አዋቂው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ምን ለማለት ነው?» እያለ ሲያስብ እሱ አንዱ ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ «ይሄ የሪሞት ሆድ ነው! ይሄ የቻርጀር ነው! ይሄን እናቴ ጥላዋለች!» እያለ ጮኸ። ጥበቃው ሊቆጣው መጣና እሱም ማየት ጀመረ። «የቱ ነው ሪሞቱ?» አለው። ልጁ አሳየው። ከዚያ ሁለቱ አብረው የዲሽ ሪሲቨር ፍለጋ ገቡ፣ አገኙትም። ከዚያ ወዲያ ያን አዳራሽ ሳስብ የሚመጣብኝ የእነሱ ፍለጋ ነው፤ ግድግዳ ላይ የነበረው ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንድም ቃሉ ትዝ አይለኝም።

ስለ ጽሑፉ ካነሣሁ አይቀር፣ እባካችሁ መግለጫውን በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፉት። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሠዓሊው አማርኛ ነው የሚያወራው፣ ጥበቃውም፣ ተመልካቹም፣ ግድግዳው ብቻ ነው ፈረንጅ የሆነው። በቃ፣ ይህን ብዬ አልፋለሁ።

ኤልያስ ከተነሣ ዞማም ይነሣል። ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ነው፣ በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ያቆሙት ኤልያስና ኩሬተሯ (የዐውደ ርዕይ አዘጋጇ) መስከረም አሰግድ ናቸው። ብዙዎቻችሁ ሄዳችኋል፤ ያልሄዳችሁ ሂዱ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፣ የአያቶቻችን ቤት የተሠራበት። ግን እንደ ሥዕል ነው የተመረገው፤ እጅ የሄደበት መስመር ሁሉ ይታያል፣ ቅርጹ ከግድግዳው እየወጣ ይገባል። አትክልት አለ፣ ከብት አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። እኔ ስለ ዞማ የምወድደው ሥዕል የማየት ሐሳብ ያልነበረው ሰውም ልጆቹን ይዞ ሳር ላይ ሊቀመጥ መጥቶ፣ ሳያስበው ዐውደ ርዕይ ውስጥ መገኘቱን ነው። ያንን ቤት ለማሠራት ፒያሳ ወይም ቦሌ ቦታ ቢፈለግ ኖሮ የሚገኝ አይመስለኝም። ከመሀል ወጣ ማለት ጭቃ ለማቡካትም፣ ላም ለማሠርም ይመቻል።

እዚህ ላይ ነው የኔ ነገር። ሥዕል የሚሠራው ዳር ነው፤ የሚታየው መሀል ነው።

ቤት ኪራይ ነው ምክንያቱ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሠዓሊ ሰፊ ክፍል ይፈልጋል፣ መብራት የሚገባበት፣ ቀለም ቢፈስ አከራይ የማይጮህበት። ሁለት ሜትር ሸራ በስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልጋውን ግድግዳ ላይ ካላቆምክ አይዘረጋም። ስለዚህ ይወጣል፤ ኮዬ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። እኛ ብሎክ ጀርባ፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ በአንድ በኩል ወፍጮ ቤት፣ በሌላ በኩል የሴቶች ፀጉር ቤት ባለበት ረድፍ አንድ ሠዓሊ ሱቅ ተከራይቶ ይሠራል። ወፍጮው ሲነሣ ሸራው ይንቀጠቀጣል። ዱቄቱ እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል። «ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ስለሚበዛ ከሰዓት ነው ዘይት ቀለም የምነካው» አለኝ። ጠዋት ንድፍ ይሠራል፣ ሸራ ይወጥራል። አንድ ጊዜ የደረቀ ሥዕል አሳየኝ፣ ጥግ ላይ ሸካራ ነገር አለው። ጤፍ ነው። አላወለቀውም፣ እንዲያውም ቀለም ጨመረበት።

ያ ልጅ ሥራውን ለማሳየት ሲሄድ አይሱዙ ይከራያል፤ ሥዕሉ ብዙ ካልሆነ የሚኒባስ ጣራ ላይ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ያሥረዋል። የሰፈሩ ሰው ጣራ ላይ ሲጫን ነው የሚያየው፣ ተጠቅልሎ። አንድ ቀን ፀጉር ቤት የምትሠራው ልጅ «ግን ምን ምን ትሥላለህ?» ብላ ጠየቀችው፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየኖሩ። እሱም በሩን ከፈተላት። ራሷን አገኘችው፤ ካስክ ሥር ተቀምጣ ደንበኛ ስትጠብቅ። «አፍንጫዬ ይሄን ያህል ነው?» አለች። ከዚያ ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ነይ ላሳይሽ» እያለች ይዛ ትገባ ጀመር፤ ሠዓሊው እስኪማረር ድረስ። መግቢያ ነፃ፣ ወይን የለም፣ ንግግር የለም።

ሦስተኛው ዐውደ ርዕይ የአንድ ሠዓሊ ብቻውን ነው፣ የካቲትና መጋቢት ላይ። የሰው ገጽታ የሚሥል ነው፣ ትልልቅ ሸራ። ጥሩ ጊዜ ነው ለእንዲህ ያለ ሥራ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርዕይ፣ በቬኒስ ቢያናሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን (የአገር ማሳያ ቦታ) ስትከፍት የወከላት ተስፋዬ ኡርጌሳ ነበር፤ እሱም የሰው ገላ ነው የሚሥለው፣ እግር ከእጅ የተወሳሰበ፣ እያየህ የሚያይህ ሰው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እዚሁ አርት ስኩል፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ፣ ተምሮ፣ ጀርመን ሽቱትጋርት ቀጥሎ፣ ተመልሶ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት ኤልያስም ቬኒስ ላይ ከቢያናሌው ጎን ለጎን የራሱን ሥራ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ወጣቶቹ ላይ አንድ ነገር ይታየኛል፤ ሰው መሣል ያሳፍር የነበረበት ጊዜ አልፏል፣ ዘመናዊ ለመባል የግድ ፊቱን ማጥፋት አያስፈልግም። ደግሞ ይህ ሁሉ ቬኒስ የታየ ሥራ እኛ ጋ ስንት ሰው አየው? ፌስቡክ ላይ አይተነዋል። «ኮራን» ብለን ሼር አድርገናል።

በመሀል ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጋር የሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክት አለ። ፖስተሩ ገና አልወጣም፣ ሲወጣ እናወራበታለን።

የመጨረሻው ሰኔ ላይ ነው፣ የምሩቃን ሥራ። የምሩቃንን ነገር እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ምን እንደሚሸጥ ገና አልተማሩም። አርት ስኩል፣ የዛሬው አለ ፈለገ ሰላም፣ በ1950 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስማቸውን የምታውቋቸው ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ወይ ተምረውበታል ወይ አስተምረውበታል። ምሩቃን ሥራቸውን ሲያሳዩ እናትና አባት ይመጣሉ። ያን ማየት ብቻውን የታክሲውን ይከፍላል። ነጠላ ያደረጉ እናት ልጃቸው የሠራው የብረት ቅርጽ ፊት ቆመው «አንተ ልጅ ይሄን ነው አምስት ዓመት ሙሉ?» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ያለ እሳቸው ፎቶ እንዳይነሣ ከሥራው አጠገብ አልንቀሳቀስ አሉ።

ምክሬ ይኸው። እንደ እኔ ዳር የምትኖሩ፣ መክፈቻውን እርሱት። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ታዩታላችሁ፣ ምንም አያመልጣችሁም። ቅዳሜ ረፋድ ሂዱ። ይህ ማዕከል ቅዳሜ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፣ እስከ 6 ሰዓት ሰው የለም። ሥዕል ፊት ወንበር ወስዳችሁ ብትቀመጡ ማንም ምንም አይላችሁም። ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ራሱ ቅዳሜ ብቅ ይላል፤ መክፈቻው ላይ በአጃቢ የተከበበው ሰው ቅዳሜ ብቻውን ቡና ይጠጣል፣ ጥያቄ ከጠየቃችሁት አንድ ሰዓት ያወራችኋል። ያን ለት ከተማ መግባታችሁ ካልቀረ ስድስት ኪሎ ጨምሩበት። የየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ፣ የዩኒቨርሲቲው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም። ገብረ ክርስቶስን በግጥሙ የምታውቁት ካላችሁ ሥዕሉን ስታዩ ሌላ ሰው ይሆንባችኋል፤ ወይም ያው ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ እኔ እስካሁን አልወሰንኩም።

ቅዳሜም ቢሆን ግን ሁሉም ሰው አይሄድም፣ አውቃለሁ። ሦስት ልጅ ያላት እናት በሦስት ታክሲ ደርሶ መልስ ስትል ከዐውደ ርዕይ ይልቅ ጫማ ይገዛበታል። ደግሞ ዳር ያለው ሰው እየበዛ ነው። ከፒያሳ የተነሣው፣ ከካዛንቺስ የተነሣው፣ ድሮ በእግሩ ቲያትር ቤት ይሄድ የነበረ ሰው አሁን የእኛ ጎረቤት ነው። ተመልካቹ ቦታ ቀይሯል፤ ፕሮግራሙ ግን አድራሻውን አልቀየረም። እኛ ሰፈር አሁን ሥዕል የሚታይበት አንድ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው። እሱም ቀላል ነገር አይደለም። ፒያሳ ጊዮርጊስ ሊሳለም የገባ ሰው የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ አይቶ ነው የሚወጣው፤ ትኬት አልቆረጠም፣ ዐውደ ርዕይ ልሂድ አላለም፣ ሥዕሉ እሱ ያለበት ቦታ ነው የጠበቀው።

ስለዚህ አንድ ነገር አደረግሁ። ለማዕከሉ ጻፍኩላቸው። ያ የፎቶ ዐውደ ርዕይ እዚያ ሲያበቃ ወደ ኮንዶሚኒየም ይምጣ አልኩ። ቦታ አለን። በየብሎኩ መሀል ኮሚናል የሚባል ቤት አለ፤ ለሰርግ፣ ለተዝካር፣ ለዕድር ስብሰባ፣ በበዓል ደግሞ በግ ለማረድ። መብራት አለው፣ ግድግዳው ረጅም ነው፣ ሰው ደግሞ እንዲያውም ሳይጠራ ይመጣል። መልስ መጣልኝ፣ በጣም ጨዋ መልስ። «ሐሳቡን ወድደነዋል፣ ለቦርድ እናቀርባለን» ይላል። የቦርድ ነገር ታውቃላችሁ። ግን ከፎቶ አንሺዎቹ አንዷ ስልኬን ተቀብላ ደወለችልኝ፤ ፎቶዎቹ የራሳችን ናቸው፣ ማዕከሉ ቢዘገይም እኛ እንመጣለን አለች። እኔም ሳልውል ሳላድር የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋ ሄድኩ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ሒሳብ ሠራተኛ የነበሩ። ነገሩን በደንብ አዳመጡኝ።

«ፎቶ ነው ያልከው?»

«አዎ ጋሼ። የሰፈራችን ፎቶ።»

«ማን ፈቅዶ ነው ያነሣው?»

አስረዳሁ። ጥያቄው ደግሞ ልክ ነው፤ ለፎቶ አንሺዋ ነግሬያት ከሰዎቹ ጋር ተነጋግራ እንዳነሣች፣ ስማቸውንም እንደያዘች አረጋገጠችልኝ።

«መግቢያ ታስከፍላላችሁ?»

«ኧረ በነፃ ነው።»

«እንግዲያው ምን ትጠቀማላችሁ?» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም፣ አጥጋቢ እንዳልነበረ ግን ከፊታቸው አይቻለሁ። ቢሆንም መዝገባቸውን አወጡ። ኮሚናሉ ኅዳር ውስጥ ሁለት ተዝካር አለበት፣ ታኅሣሥ የገና ገበያ፣ ጥር ከዳር እስከ ዳር ሰርግ ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ክፍት አገኙልኝ፣ በእርሳስ ጻፉት። ሦስት ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ሚስማር መምታት ክልክል ነው፣ በገመድ ይሰቀላል። የጽዳት ሁለት መቶ ብር በቅድሚያ ይከፈላል። ሦስተኛው፣ የዕድሩ ወንበር ከወጣ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ባለፈው ሰርግ አራት ጎድሏል፣ እስካሁንም አልተገኘም።